መጨረሻው እስኪመጣ ማን ይጠብቃል?

አንድ ጓደኛ አለኝ። የጠቆመኝ ፊልም ግማሹ ላይ ደብሮኝ ስነግረው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ታገስ፣ መጨረሻው ጉድ ነው!» እታገሳለሁ። አሥር ደቂቃ ሲቀረው ታማኙ የሥራ ባልደረባ ገዳዩ ሆኖ ቁጭ ይላል። ወይም ሞተች የተባለችው ሚስት አልሞተችም። ጓደኛዬ «አላልኩህም?» ይላል። እኔ የባከነችብኝን አንድ ሰዓት ተኩል አስባለሁ።

ከሰሞኑ ትሪለሮች (ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች) ብዙዎቹን ይህ በሽታ ይዟቸዋል። መጨረሻ ላይ ታሪኩን ገልብጠው ሊያስደነግጡን ስላሰቡ፣ እስከዚያ ድረስ ላለው ብዙም አይጨነቁም። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ጌታ የሚባለው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ የነገረው የቦምብ ምሳሌ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለ15 ሰከንድ ነው። ቦምቡ ጠረጴዛው ሥር እንዳለ ቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ክሊንት ኢስትውድ በ94 ዓመቱ ያወጣው «ጁረር ነምበር ቱ» (2024) ቦምቡን ገና በጊዜ ያሳየናል። ኒኮላስ ሆልት የሚጫወተው ሰውዬ በአንድ የግድያ ክስ ላይ ውሳኔ እንዲሰጡ ከተመረጡት ተራ ዜጎች አንዱ ነው። ተከሳሹ ፍቅረኛውን ገድሏል ተብሏል። ዐቃቤ ሕጓ ስለዚያ ዝናባማ ሌሊት ማውራት ስትጀምር ሰውዬው አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መንገድ ሲነዳ መኪናው የሆነ ነገር ገጭቶ ነበር። አጋዘን መስሎት ነበር የሄደው። ሆልት እዚህ ላይ ምንም አይናገርም። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱን ብቻ ነው የምናየው። ሌሎቹ ቶሎ ፈርደው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይቸኩላሉ፤ እሱ «እስቲ እንነጋገርበት» ይላል። ንጹሑን ሰው ማዳን ይፈልጋል፣ ራሱን አሳልፎ መስጠት ግን አይፈልግም። አጋጣሚው ትንሽ የበዛ መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ጥፍሬን እየበላሁ ነው ያየሁት።

የጄረሚ ሶልኒየር «ሪብል ሪጅ» (2024) ደግሞ ነገር ሳያንዛዛ ይጀምራል። አንድ ሰው ብስክሌቱን ይነዳል፤ የፖሊስ መኪና ከኋላው ገጭቶ ይጥለዋል። ቦርሳው ውስጥ 36 ሺህ ዶላር አለ፤ የአክስቱን ወይም የአጎቱን ልጅ በዋስ ሊያስፈታበት ነው። ፖሊሶቹ ገንዘቡን «የዕፅ ገንዘብ ነው» ብለው ይወስዱበታል። የሚያናድደው ነገሩ ፈጠራ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ፖሊስ ባለቤቱን ሳይከስ ገንዘቡን ብቻ ጠርጥሮ መውረስ የሚችልበት ሕግ አለ። ሰውዬውን የሚጫወተው አሮን ፒየር ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ፖሊሶቹን በጨዋነት ሲያናግር፣ ትዕግሥቱ መቼ ይሆን የሚያልቀው እያላችሁ ወንበራችሁ ጫፍ ላይ ትቀመጣላችሁ። ማብቂያው ላይ ግን ታሪኩ ትንሽ ይንዘላዘላል።

የዴቪድ ፊንቸር «ዘ ኪለር» (2023) ብዙ ሰው ደብሮታል። እኔን አስቆኛል። ቅጥር ገዳዩ ስለ ጥንቃቄውና ስለ ብቃቱ ለረጅም ጊዜ በልቡ ሲሰብከን ቆይቶ፣ ተኩሶ ይስታል!

ከሁሉም በልቤ የቀረው ግን «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ነው። ዳይሬክተሯ ጀስቲን ትሪየ በ2023 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ የወሰደችበት ፊልም ነው። ባል ከቤቱ ላይኛ ፎቅ ወድቆ ይሞታል፣ ሚስት ትከሰሳለች። ባልየው በድብቅ የቀዳው የጭቅጭቃቸው ድምፅ ችሎት ላይ ይከፈታል። ፊልሙ ወደ ማዕድ ቤታቸው ይወስደንና ሲጨቃጨቁ ያሳየናል። ልክ ነገሩ ወደ ድብድብ ሲሄድ ምስሉ ተቆርጦ ወደ ችሎቱ እንመለሳለን። የሚቀረን ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚሰበር ነገር፣ የምት ድምፅ። ማን ማንን እንደመታ ከዳኞቹ እኩል መገመት አለብን።

ለጓደኛዬ ይህንን ፊልም ጋበዝኩት። ገፍታው ይሁን ራሱ ወድቆ ቁርጡን ሳይነግረው ስላለቀ ተናደደብኝ፤ «ይሄ ምን ፊልም ነው?» አለ። በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ። «ገፍታዋለች!» አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ደወለ። «አይ፣ አልገፋችውም። ግን ቆይ፣ ያ የቤታቸው ውሻ...»