ጅማ ሥዕል አይገባትም ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሥራ ፈትቶ የቆመ አንድ አሮጌ የቡና መፈልፈያ አለ። የከተማው ወጣቶች እሱን የሥዕል ሙዚየም እናድርገው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የመድረኩ መልስ አጭር ነበር። የጅማ ሕዝብ ሥዕል የማየት ልምድ የለውም፣ ሙዚየም የትልቅ ከተማ ነገር ነው፣ ቦታው ለገበያ ማዕከል ይሻላል።

ሕንፃ ይፍረስ ሲባል መስማት ለምደናል። አንድን ሕዝብ ፊት ለፊቱ «ዓይን የለህም» ማለት ግን ድፍረት ነው።

እስቲ ሐሙስ ገበያ እንውጣ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ይወጣል። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ልትገዛ የመጣች እናት መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበትን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ ትልና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች። ቅርፁ ካላማራት ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ ትታው ትሄዳለች። ይቺ ሴት ናት ቅርፃ ቅርፅ የማይገባት? ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ እያየ ያደገ ልጅ ነው ሥዕል የማይገባው? የማየት ልምድ የለውም የሚሉን መቼ አሳይተውት ነው? የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራ በዓይኑ ማየት የፈለገ የጅማ ልጅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። መንገዱን ዘግቶ አልመጣህም ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

«የትልቅ ከተማ ነገር ነው» የሚለውማ ጭራሽ አያስኬድም። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኖርዝ አዳምስ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 13 ሺህ ገደማ ነው። ጅማ በብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። እ.ኤ.አ. በ1985 የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያመርተው ፋብሪካዋ ሲዘጋ ከተማዋ ወገቧ ተሰበረ። በ1999 ያው ግቢ ማስ ሞካ የተባለ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ሰው እሱን ብሎ ወደዚያች ከተማ ይጓዛል። አሜሪካ ሩቅ ነው የሚል ካለ ኬፕ ታውን አለችለት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ የጀመረው የእህል ጎተራ 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ነበሩት። አላፈረሱትም። የአንዲት የበቆሎ ፍሬን ቅርፅ በኮምፒውተር አጉልተው ቱቦዎቹን በዚያ ልክ ፈለፈሏቸውና በ2017 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ጎብኚው የሚቆመው በበቆሎዋ ቅርፅ ውስጥ ነው።

የኛ ቡና ከበቆሎ በምን ያንሳል?

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ግድግዳው ላይ ከሚሰቀለው ይልቅ ቤቱ ራሱ ነው። የቡና መፈልፈያ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ በሩ መኪና ያስገባል፤ ወለሉ የጆንያ ክምር እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ትልልቅ ሥራ የሚሠራ ቀራፂ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ጀንፈሉ፣ ማለትም ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ በአንድ በኩል ይገባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ገለባው በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚያ የሴቶቹ ተራ ነው። ለቃሚዎቹ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ጣታቸው ከዓይን ይፈጥናል። ይህች ከተማ በእነዚህ ሴቶች ጣት ነው የቆመችው። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ፣ ምስላቸው የተሰቀለበት ግድግዳ ግን አላየሁም። እነሱ የሠሩበት ቤት ውስጥ ምስላቸው ቢሰቀል፣ ልጆቻቸው ገብተው ቢያዩት፣ የትኛው የገበያ ማዕከል ነው ይህን የሚሰጠን? ሱቅ ጅማ አጥታ አታውቅም።

ሞተሩም ይነሳ የሚሉ አሉ። አይነሳ! ሮም ውስጥ ሞንተማርቲኒ የተባለውን አሮጌ የመብራት ኃይል ማመንጫ ሙዚየም ሲያደርጉት ግዙፎቹን ሞተሮች አልነቀሉም። የጥንቱን የእብነ በረድ ሐውልት ከጥቁሩ ብረት ጎን አቆሙት። አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል።

ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ አዎ፣ በመግቢያ ትኬት ብቻ የሚተዳደር ሙዚየም ጥቂት ነው። የመንገድ መብራትም ትኬት አይሸጥም፤ አጥፉት ያለ ግን የለም። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው የሚያፈስ ቆርቆሮ መቀየር፣ መብራት መዘርጋትና አንድ ጥበቃ መቅጠር ነው። ሥዕሉን ወጣቶቹ ራሳቸው እናመጣለን ብለዋል።

ስለዚህ ቦታውን የገበያ ማዕከል የማድረጉ ውሳኔ ይታገድ። ቤቱ ለአንድ ወር ለሕዝብ ክፍት ይሁንና ሰው ይመጣ እንደሆነ በተግባር ይታይ። እስከዚያው ሞተሩን ማንም እንዳይነካው፤ ተፈትቶ በኪሎ ለቁራሌው ከተሸጠ የት ተብሎ ይፈለጋል?