ሥዕሉን ልጆቹ ይሥሩት!

ኧረ የባሕር ዳር ወላጆች፣ እናንተስ አልተቃጠላችሁም? ማታ የልጅን መገናኛ ደብተር ስትከፍቱ «ለነገ በ የሚለውን ፊደል በጌጠኛ ወረቀት አሳምራችሁ ሠርታችሁ ላኩ» ይላል። አሳምራችሁ! ለልጄ ሳይሆን ለእኔ የተሰጠ የቤት ሥራ ነው። ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ሳይዘጉ ለመድረስ በባጃጅ መሮጥ ነው። ብልጭልጭ ወረቀት፣ ስፖንጅ፣ ሙጫ ይገዛል። ከዚያ እናት ትቆርጣለች፣ አባት ይለጥፋል፣ ልጅ ይተኛል። ጠዋት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ታዲያ የማን ሥራ ነው?

እኔ ልጄን ራሷን አሠራኋት። የፓስታ ካርቶን ቀደድን። ዱቄት በውሃ አሙቀን ሙጫ አደረግነው። ትልቅ በ ጻፍኩላትና «በ ብሎ የሚጀምር ምን አለ?» አልኳት። «በግ!» አለች። ጥጥ ሰጠኋት። እየቆነጠረች ለጠፈች። ከመስመሩ የወጣ አለ፣ አፍንጫዋ ላይ የቀረም አለ። ስትጨርስ የፊደሉን ሁለት እግር ትክ ብላ አየችና፣ ማንም ሳይነግራት፣ ራስና ጆሮ ጨመረችለት። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ታፔላ ላይ በ ባየች ቁጥር «በግ!» እያለች ትጮኻለች።

ሥራው በነጋታው በቀይ እስክሪብቶ «በደንብ ይሠራ» ተብሎ ተመለሰ። ልጄ ማንበብ አትችልም፤ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ግን አሳምራ ታውቃለች። አንጀቴ ነው ያረረው።

እስቲ እንነጋገር። ሕፃን ልጅ ፊደል እያሰበ ጥጥ ሲለጥፍ፣ ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ ወረቀት ሲቀድ ጣቱ ለእርሳስ ይጠነክራል። ዓይኑ ቅርጹን ይለያል። ጆሮው ደግሞ የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ይይዛል። ትልቁ ነገር ይሄ የጆሮው ጉዳይ ነው። የኬጂ ልጆቻችን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርዱታል። መሐል ላይ ጣታችሁን አድርጉና «ይቺስ?» በሏቸው። ብዙዎቹ ከሀ ጀምረው ካልቆጠሩ አይደርሱባትም። በእንግሊዝኛውም ያው ነው፤ «ቢ ፎር ቦል» ይላሉ እንጂ ቦል በምን ድምፅ እንደሚጀምር የሚጠይቃቸው የለም።

የኔታዎች ይህን ድሮ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን በዜማ እንዳይሸመድድ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚለው ገበታ አለላቸው። እዚያ ላይ ፊደሉም እርከኑም ተዘበራርቋል፤ ዜማ አያድንም፣ ማየት ግድ ነው። እኛ ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን ማለት ነው?

ደግሞ የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ እንዴት ይመቻል መሰላችሁ! 33ቱ በ7 እርከን ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ሲሰሙት ያስፈራል። ግን የበን ቤተሰብ ብቻ ውሰዱ። በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባጃጅ፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦሎቄ። ሰባቱም እዚሁ ቤታችንና ሰፈራችን አሉ! ቡን በቡና አተላ ትቀባዋለች። ብን በደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ትሞላዋለች። ቦ ላይ ቦሎቄ ትደረድራለች። ያኔ የባ ግራ እግር፣ የቦ ደግሞ ቀኝ እግሩ ማጠሩን በጣቷ ታገኘዋለች። ቤ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ይህን በቃል ብነግራት በማግስቱ ትረሳዋለች። ባሕር ዳር የምትጀምረው በባ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ደስታዋን ባያችሁ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጀልባ ይዘን ዘጌ እንሻገርና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የመቅደሱን ግድግዳ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ማንበብ የማይችል ሰው ታሪኩን ከዚያ ሥዕል ይማር ነበር። በዚህ ሐይቅ ዳር እየኖርን ታዲያ ለልጅ ሥዕል ሲሉት ጨዋታ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው ይባላል። ወይ ደግሞ ወላጅ መጥቶ እንዲያደንቀው የሚሰቀል ጌጥ ይሆናል።

መምህራኑን ብቻ አልወቅስም። ክፍሉ ጢም ብሎ በልጅ ተሞልቷል፣ ቁሳቁስ የለም። ወላጅም ቢሆን «ምን ያህል ገጽ ጻፈ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ግድግዳው ላይ የተንሻፈፈ ፊደል ካየ «ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው?» የሚለው እኛው መሐል ያለ ሰው ነው። ተዉ እንጂ! የአራት ዓመት ልጅ እጅ ያጣምማል። ሊያጣምም ይገባዋል።

ሚስ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ከበ ቀጥሎ ተ ነው። እባክሽ ማታ ወደ ቤት አትላኪልን፤ ክፍል ውስጥ ይሥሩት። ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ። ታ ላይ ስትደርሱ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ከሐይቁ ዳር ለሁሉም ልጅ የሚበቃ አመጣላችኋለሁ፤ ቆራርጠው ራሳቸው ይለጥፉት። የተጣመመውንም እንዳለ ስቀይው።