ጆርናሉ ጠባቂ አለው?

አንድ የምርምር ጆርናል «ኦንላይን ገባን» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ (ኦጄኤስ) ሰርቨር ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይወርዳል፤ ጽሑፍ ከመቀበል እስከ ግምገማ፣ አርትዖትና ኅትመት ያለውን ሥራ ሁሉ ይሸከማል። መጫኑ የግማሽ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ቦርዶችም ለምረቃው እንጂ ለጥገናው ሰው አይመድቡም። በየሳምንቱ የሚያየው ባለሙያ የሌለው ጆርናል ግን ባይጀመር ይሻላል።

ጥፋቱ ከመጀመሪያው ቀን ሊነሳ ይችላል። የደራሲዎች ፋይል የሚቀመጥበት ፎልደር ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ መሆን አለበት። የቸኮለ ሰው እዚያው ውስጥ ያደርገዋል። ያኔ ገና በግምገማ ላይ ያለ ጽሑፍ አድራሻውን ላወቀ ሁሉ ይከፈታል፤ ጽሑፍ መስሎ የገባ አደገኛ ስክሪፕትም ሰርቨሩ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ኢሜይሉም አለ። መልእክቱ በእርግጥ ከጆርናሉ መምጣቱን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍና ዲኪም ካልተስተካከሉ የግምገማ ጥሪው ስፓም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራን በራሱ የሚያስጀምር የሰርቨር መሣሪያ) ወይም ምትኩ ካልተዋቀረ ደግሞ ቀን ያለፈበትን ገምጋሚ በራሱ የሚያስታውስ የለም። አርታኢው «ገምጋሚዎች ሰነፉ» እያለ ያማርራል፤ እነሱ ግን ጥሪው አልደረሳቸውም።

ከሁሉ የሚከፋው ማሻሻያን ማዘግየት ነው። የኦጄኤስ ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ በኋላም በሁለተኛው ላይ ለዓመታት የቆዩ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን የሰርቨሩ ፒኤችፒ (ኦጄኤስ የተጻፈበት ቋንቋ) ይታደስና ጆርናሉ ባዶ ነጭ ገጽ ይሆናል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ዳታቤዙን፣ የፋይል ፎልደሩን፣ የሕዝብ ፎልደሩንና የውቅር ፋይሉን ቅጂ መያዝ፣ ማሻሻያውን መጀመሪያ በቅጂው ላይ መሞከር፣ ከዚያ ብቻ ወደ ዋናው መሄድ። የሶፍትዌሩን ዋና ኮድ በእጁ የነካካ ሰው ለውጡ ሁሉ ሲጠፋ ያያል፤ ለውጥ በፕለጊን (ተጨማሪ አካል) ወይም በቲም (የገጹ ገጽታ) ነው የሚገባው።

ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ገጹ ላይ መታየቱም ተመዝግቧል ማለት አይደለም። መረጃው ዲኦአይ መዝጋቢ ለሆነው ክሮስሬፍ ካልተላከ አንባቢው ሲጫነው «አልተገኘም» ይባላል። ዶሜይን ሲቀየርም አዲሱን አድራሻ እዚያ ማሳወቅ ግድ ነው፤ አለዚያ የቆዩት ጥቅሶች ሁሉ የትም አያደርሱም።

ሰርቨሩ ቢጠፋስ? የኦጄኤስ አዘጋጅ ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ለኦጄኤስ ጆርናሎች በነጻ የሚሰጠው፣ የጽሑፎችን ቅጂ የሚጠብቅ የማቆያ መረብ አለ። አይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ ቁጥር) ይዞ ቢያንስ አንድ ጽሑፍ ያሳተመ ጆርናል ፕለጊኑን ማብራትና ውሉን መቀበል ብቻ ይጠበቅበታል፤ ያን የሚጫን ሰው ከተመደበ።