ከስዊድን በልጠናል እንዴ?

ጅማ ውስጥ ቡና ላይ የኮሮና ዘመን ከተነሳ «እነ ስዊድን ትምህርት ቤት እንኳ ሳይዘጉ አለቁ፤ እኛ ዘግተን ተረፍን» የሚል አይጠፋም። ቁጥሩም ያግዘዋል። ከ10 ሚሊዮን ብዙም የማትዘለው ስዊድን ከ20 ሺህ በላይ ሟች ስትመዘግብ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆንነው እኛ የመዘገብነው 7 ሺህ 500 ገደማ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት መሆኑ እንደጠቀመን አልክድም። ግን እዚህ ላይ የተወዳደሩት አገሮቹ ሳይሆኑ መዝገቦቻቸው ናቸው።

ቤልጂየም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያው ማዕበል ላይ በአረጋውያን መጦሪያ በኮሮና ሳይሞት አልቀረም የተባለውን ሁሉ፣ ሳይመረመር በጥርጣሬ ብቻ ቆጠረች፤ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ከዓለም የከፋች ተባለች። ታንዛኒያ በበኩሏ 509 ተያዦችና 21 ሟቾች ላይ ስትደርስ መናገር አቆመች፤ ከዓመት በላይ ሰንጠረዡ ላይ ምንም ያልደረሰባት መስላ ቆየች። ፔሩ ደግሞ በግንቦት 2013 መዝገቧን ብትፈትሽ 69 ሺህ የነበረው የሟቾቿ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ180 ሺህ አለፈ።

እኛስ? ብዙ ሰው ቤቱ ነው የሚሞተው። ሙስሊሙ በዕለቱ ይቀበራል፣ ክርስቲያኑም ብዙ አይቆይም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 2008 ቢጀመርም፣ የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ከሌለበት ሞት ለማስመዝገብ ቀበሌ የሚሄድ ስንት ነው?

እድሩ ግን ያውቃል። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ሲወጣ፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ሲከፈል፣ ጸሐፊው ስምና ቀን ጽፎ ያስፈርማል። የሞቱን ምክንያት አይጠይቅም፤ አያስፈልግምም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2014 የመጀመሪያዎቹን ሁለት የኮሮና ዓመታት ሟቾች 14.9 ሚሊዮን ብሎ ሲገምት (ሪፖርት የተደረገው 5.4 ሚሊዮን ብቻ ነበር) ያሰላው በተለመደው ጊዜ ከሚሞተው በላይ ስንት ሰው እንደሞተ ነው። ለዚህ ስሌት የሞቱ ቀን የተጻፈበት ደብተር ይበቃል። በእርግጥ እድር የሌለው የጎዳና ልጅና ለቡና ለቀማ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከዚህም ያመልጣሉ።

ነገሩ ለጅማ ባዕድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በግልገል ጊቤ ዙሪያ ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደሞተ ሲመዘግብ፣ የሟቹን ምልክቶች ከቤተሰቡ እየጠየቀ የሞቱን ምክንያት ሲያጣራ ኖሯል። ከተማው ውስጥ ደግሞ የቀበሌው መዝጋቢ በየወሩ ወደ እድር ጸሐፊዎች ጎራ ቢል ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። የእድር ዳኞች «ቀበሌ ደብተራችንን ካየ ነገ መዋጮ ይጥልብናል» ብለው ቢሰጉ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ስሙም፣ የተከፈለው ብርም እዚያው ይቅር፤ ቀበሌው የሞቱን ቀን፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ቀድቶ ይሂድ።