ውዳሴ መጥረቢያ

ባለፈው ሳምንት ለተዝካር ወደ አንድ የደጋ መንደር ወጥቼ ነበር። እጄን ሊያስታጥበኝ የመጣው ልጅ ያፈሰሰልኝ ነገር ከጠላ ድፍድፍ የሚለየው ባለመፍላቱ ብቻ ነው። ፊቴ ሲለዋወጥ ያዩ አንድ አዛውንት «አይዞህ ልጄ፣ የክረምት ውሃ እንዲህ ነው፤ አፈሩም ሆድ ያጸናል» ብለው አጽናኑኝ። ቀና ብዬ ስመለከት፣ በልጅነቴ ጽድና ወይራ የሞላው ኮረብታ እንደ ተላጨ ራስ ያበራል። መጥረቢያ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና ሳያገኝ መቆየቱ ያን ጊዜ ቆጨኝ። ይህን ውሃ ያልቀመሰ አንባቢ ይኖራል ብዬ ስለማላምን በቀጥታ ወደ ውዳሴው እገባለሁ።

ዛፍ ቆራጭ ውሃ ያበዛል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር፣ ሃባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አጋማሽ የአንድ ተፋሰስ ዛፍ ሁሉ ሲቆረጥ፣ ዛፉ ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ ያተነው የነበረው ውሃ ተርፎ የጅረቱ ፍሰት በመጀመሪያው ዓመት 40 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ተመራማሪዎቹ ግንዱን በወደቀበት ትተው አፈሩን ሳይነኩ ነበር የቆረጡት፤ እንዲያም ሆኖ በውሃው ውስጥ ያለው ናይትሬት፣ ማለትም ከአፈሩ የታጠበው የተክል ምግብ፣ በብዙ እጥፍ አሻቅቧል። የእኛ ሰው ግን ሥራን በግማሽ መተው አያውቅም፤ ግንዱን ያከስላል፣ ጉቶውን ይነቅላል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ የቀረውን ቁልቁለት ያርሳል። ሥርና የረገፈ ቅጠል ያላላው መሬት ዝናቡን እንደ ጥጥ ይመጥ ነበር፤ አሁን እንደ ቆርቆሮ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ውሃው በእርግጥ በዝቷል፤ የሚመጣው ግን ማንም ባልጠማው በሐምሌ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሳውን ተሸክሞ ነው። በየካቲት የሚፈልቀው ድርሻ ወደ መሬት ሳይሰርግ ስለሄደ፣ በየካቲት የሚፈልቅ የለም።

አባቶቻችን «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ ገና ግንድ ነበረ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የደረቀውም በመስኖ ፓምፕ ብቻ አይደለም፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የወረደው ደለልም አልጋውን ሞልቶበት ነበር።

ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት የታደገ ባለውለታ፣ የድሃ ቤትም ማገርና ምሰሶ ስለሆነ በዛፉ ላይ ቂም የለኝም። የማደንቀው የተከላውን ቦታ ምርጫ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ሞኮቡላን በተባለው የምርምር ተፋሰስ በፈረንጆቹ 1969 ባሕር ዛፍ ሲተከል ጅረቱ በ9ኛው ዓመት ጭልጥ ብሎ ደረቀ፤ ዛፉ በ16 ዓመቱ ከተቆረጠ በኋላም ጅረቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ መፍሰሱ ለመመለስ 5 ዓመት ፈጅቶበታል። የመንደሩ የኮረብታ ጌታ ይህን ሁሉ ሳይሰማ፣ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድገው ውሃ ባለበት መሆኑን በራሱ ብልሃት ደርሶበት ችግኙን በምንጩ ዓይን ዙሪያ ተከለ። ዛፉ አደገ፣ ምንጩ ሸሸ። ምንጩ በሸሸበትም ተከለ። አሁን አህያው ጠዋት ከሰል ጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ማታ ከወንዝ ውሃ ጭኖ ይመለሳል፤ በከሰሉ ገንዘብ ጀሪካን ይገዛል፤ ጀሪካኑ ሲበዛ ሁለተኛ አህያ አስፈለገ፣ ለሁለተኛው አህያ መግዣ የቀረችው ሾላ ተቆረጠች። ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ለጉድጓዱ ፓምፕ ገዛ፣ ለፓምፑ ናፍጣ የሚሆን ሌላ ኩንታል ከሰል ከሰለ። በመጨረሻም የደረቀውን ምንጭ ሌባ እንዳይነካው በባሕር ዛፍ አጣና አጥሮ ቁልፍ አበጀለት፣ ዘበኛም ቀጠረ። ዘበኛው የሚጠጣውን ውሃ ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። የቆረጠው ሰው ውሃ አይቀዳም። የሚቀዱት ሚስቱና የጎረቤቱ ልጆች ናቸው፤ 20 ሊትር በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ ዳገት የምትወጣ ልጅ ከትምህርት የምትቀረው ሰማይ ስለጨከነባት ሳይሆን፣ በስም የምታውቀው ትልቅ ሰው ምንጯን ሸጦ ስለበላው ነው። ይህን የእግዜር ቁጣ ማለት በእግዜር ላይ መዋሸት ነው።

ወደ ውዳሴው ልመለስ። ስሰናበት የኮረብታው ጌታ እንደ ትልቅ ሰው ወጉ ባዶ እጄን አልሸኘኝም፤ «ለመንገድህ» ብሎ አንድ የታሸገ ውሃ ሰጠኝ። በጠርሙሱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደንና ከሥሩ የሚፈልቅ ምንጭ ተስሏል። ጠርሙሱን መልሶ ተቀበለኝና ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየው። «ግሩም ቦታ ነው» አለኝ፤ «እንዲህ ያለው ዛፍ ስንት ኩንታል ከሰል ይወጣዋል ትላለህ?»