እርማት፦ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት አልተለወጠም ማለት አይደለም

በድሬዳዋ ሳምንታዊ የትኩሳት ሕሙማን ቆጠራ ላይ «ኩሰም (ከአማካዩ ያለውን ልዩነት እየደመረ ለውጥን የሚፈልግ ዘዴ) ወሰኑን ካላለፈ ጭማሪ አልነበረም» የተባለው ስህተት ነው፤ በጣም የተለመደም ነው። ተራው ኩሰም የተሠራው መጥቶ ለሚጸና ለውጥ ነው፤ መጥቶ የሚሄደውን ያደበዝዘዋል።

በምሳሌ እንየው፦ 100 ሳምንት፣ በየሳምንቱ ወደ 10 ሰው፣ ከ41ኛው እስከ 50ኛው ግን ወደ 20፣ መደበኛ ልይይት (ቆጠራው ከሳምንት ሳምንት የሚዋዥቅበት መጠን) 4። የ100ው ሳምንት አማካይ 11 ነው። ከአማካዩ ያለውን ልዩነት እየደመርን ስንሄድ 40ኛው ላይ −40፣ 50ኛው ላይ +50 እንደርሳለን። 50 ለ40 (4 × √100) ሲካፈል 1.25፤ የ5 በመቶው ወሰን (ለውጥ ሳይኖር ከመቶ 5 ጊዜ ብቻ የሚታለፈው) 1.36 ስለሆነ ጭማሪው ያመልጣል። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው 90 ግን በ40 ሲካፈል 2.25 ይሰጣል፣ የዚህ ወሰን 1.75 ነው፤ ይያዛል።

ልይይቱን ጭማሪው ያለበትን ጊዜ ጨምራችሁ ካሰላችሁት 5 ይሆንና 2.25 የነበረው ወደ 1.8 ይወርዳል፤ ለጥቂት ነው የሚተርፈው። ከረጋ ወቅት አስሉት። ወሰኖቹም የሚሠሩት ሳምንታቱ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው፤ የትኩሳት ቆጠራ ደግሞ ይያያዛል፣ ያኔ የሐሰት ማንቂያ ይበዛል።