ሰው ሠራሽ እግር ከልጅ ጋር አያድግም

ጦርነት ባለበት አካባቢ ለሚኖሩ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ገንዘብ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው። እግሩን በፈንጂ ያጣ ልጅ ፎቶ ይወጣል፤ የሰው ሆድ ይባባል፤ የተጠየቀው ገንዘብ በጥቂት ቀናት ይሞላል። ከወራት በኋላ ልጁ በአዲሱ እግሩ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ይለቀቅና የሰጠው ሁሉ እፎይ ይላል። ጉዳዩም እዚያው ላይ ይዘጋል። የልጁ ጉዳይ ግን ገና መጀመሩ ነው።

አዋቂ ሰው አንድን ሰው ሠራሽ እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊገለገልበት ይችላል። ልጅ ግን ያድጋል፤ ስለዚህ በየስድስት ወሩ፣ ቢዘገይ በየዓመቱ፣ እንደገና መለካት፣ ማስተካከል ወይም መቀየር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የተቆረጠው አጥንት ማደጉን አያቆምም። አንዳንዴ ጫፉ ሥጋውን ገፍቶ ቆዳውን ስለሚወጋው ልጁ ዳግም ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። በስድስት ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ከአሥር በላይ እግሮች ሊያስፈልጉት ይችላሉ። እኛ ያዋጣነው ለመጀመሪያው ብቻ ከሆነ፣ ያ በቪዲዮ ያየነው እግር ብዙ ሳይቆይ ይጠበዋል፤ ልጁም ወደ ምርኩዙ ወይም ወደ እናቱ ጀርባ ይመለሳል።

ዊልቸርም ከዚህ አይለይም። ለልጁ ሰውነት ያልተለካ ወንበር አከርካሪውን ያጣምማል፤ ስሜት በሌለው ገላ ላይ ደግሞ ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝም ሕይወት ይቀጥፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበሩን መስጠት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ልኬት፣ ሥልጠናና ክትትል አብረውት መሄድ እንዳለባቸው አስቀምጧል። በኮንቴይነር የሚጫን የዊልቸር ክምር ለፎቶ ያምራል፤ የሚለካው ሰው ከሌለ ግን ልጅን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ሊሰበሰብ የሚገባው ለባለሙያው ነው እላለሁ፤ ለፊዚዮቴራፒስቱና እግሩን ሠርቶ ለሚያስተካክለው ሰው። ለጋሾች ደመወዝ መክፈል እንደማይወዱ አውቃለሁ። «እያንዳንዱ ሳንቲም በቀጥታ ለሕፃናቱ» የሚለው ማስታወቂያ ልብ የሚያሞቀውም ለዚህ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ለሕፃኑ ከባለሙያው እጅ የበለጠ «በቀጥታ» የሚደርሰው ነገር ምንድን ነው? ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 በታይላንድ በነበሩት የካምቦዲያ ስደተኞች መጠለያዎች ሲጀመር፣ እዚያው በሚገኝ ቀርከሃና ቆዳ ቀላል እግሮች ይሠሩ ነበር። የተሰበረውን እዚያው መጠገን፣ ያጠረውን እዚያው መቀየር ይቻል ነበር ማለት ነው።

ፎቶ የማይወጣላቸው ሕፃናትም አሉ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ጥይት ያልነካቸውን ልጆች ጦርነቱ በሌላ መንገድ ያገኛቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ መድኃኒቷ ይቋረጣል። መስማት የተሳነው ልጅ «ሽሹ!» ሲባል አይሰማም። መራመድ የማይችለውን ልጅ ቤተሰቡ አዝሎት ሲሮጥ ዊልቸሩ ቤት ይቀራል። እነዚህን በአንድ ምስል ማሳየት ስለሚከብድ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ያልፏቸዋል። በምስል የወጡትም ቢሆኑ ፊታቸውና ቁስላቸው ካደጉ በኋላ እንኳ ኢንተርኔት ላይ ይከተላቸዋል፤ ከወላጅ ፈቃድ ባሻገር ልጁ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል።

እኔ ገንዘብ ከመላኬ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ልጅ ሁለተኛውን እግር መቼ ያገኛል? ማን ይለካዋል? ቤተሰቡ ቢፈናቀል መዝገቡ አብሮት ይሄዳል? መልስ ላላቸው ትንሽም ብትሆን በየወሩ እልካለሁ፤ የባለሙያው ደመወዝም የሚከፈለው በየወሩ ነውና።